ልጅ አይቆጠርም

ኤጂግቦ፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 1979

ወንድሜ ኦዬኒራን፣

ከንፈር በሚሰነጥቀው በዚህ ደረቅ ነፋስ መሐል ሰላምታዬ አቢጃን ድረስ ይድረስህ። መጀመሪያ የጠየቅኸኝን ልመልስልህ፤ አዎ፣ ልጅህ አሪንፔ ደርሳለች። ራይሚ አውቶቡሱን ደጃችን ላይ አቁሞ "አሻኬ፣ ዕቃሽን ተረከቢ!" እያለ እንደ ጆንያ አወረዳት። አላለቀሰችም። ምነው ባለቀሰች እስክል ድረስ አላለቀሰችም።

ባባ ፊት ስናቀርባት እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ብላ ቆማ እጇን ዘረጋችለት። የአባትህን ፊት ባየኸው! ዕድሜውን ሙሉ ሴት ልጅ ተንበርክካ ስትሳለመው የኖረ ሰውዬ፣ በተዘረጋው እጅ ምን እንደሚያደርግ ግራ ቢገባው የኮላ ፍሬ አስጨበጣት። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። "ተንበርከኪ እንጂ!" ብላት መሬቱን አየች፣ ቀሚሷን አየች፣ ከዚያ "አቧራ ነው፤ አንቺ አታይም?" አለችኝ። አንቺ! የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ እኔን። ስትፈልግ ዮሩባ ታውቃለች ማለት ነው።

ቁጥር ግን አታውቅም። "እስከ ስንት ትቆጥሪያለሽ?" ብላት "አን፣ ዱ፣ ትሯ" እያለች የፈረንሳዩን እስከ መቶ አወረደችው። በኛ ሲሆን ከአሥር አትዘልም። የግቢው ልጆች "ፈረንሳይቱ" ብለው ስም አውጥተውላታል።

አንተ ያልካትን ነግራኛለች። "በዮሩባ እስከ ሁለት መቶ ሳልሳሳት ባባ ፊት ከቆጠርኩ አባባ መጥቶ ወደ እማዬ ይመልሰኛል" ትላለች። ይህን ቃል የገባኸው ከልብህ ነው ወይስ አውቶቡሱ ላይ እንድትወጣልህ? ከልብህ ከሆነ ሻንጣህን አዘጋጅ፤ ልጅቱ የወረሰችው ያንተን ግትርነት ነው። ገና ፊቷን ሳትታጠብ ነው አስተምሪኝ የምትለኝ።

ፌዪንቶላስ እንዴት ናት? ቀኗ ተቃርቧል ብለህ ነበር። ከራይሚ ጋር አንዲት ቃል አለመላኳ ገርሞኛል፤ እኔን ሰላም ሳይሉ መቅረት የሚስትህ ጠባይ አይደለም። እንቅልፍ የሚያሳጣ ነገር ካለ ንገረኝ።

እህትህ አሻኬ


አቢጃን፣ ፌብሯሪ 3 ቀን 1979

ለተከበሩ እትዬ አሻኬ፣

ለነፋሱ፣ ለገበያው ድካም፣ አሁን ደግሞ ለጨመርኩብዎ ሸክም ይበርቱ እላለሁ። ስላዘገየሁት ደብዳቤ ይቅር ይበሉኝ። ራይሚ እየመጣ ባዶ እጁን ሸኘሁት። "ወረቀት ጠፋ እንዴ ከተማው ውስጥ?" ብሎ ቀለደብኝ።

ልጅቱን ተንበርክካ ሰላም ማለት ስላላስተማርኳት ባባን ይቅርታ ይጠይቁልኝ። እዚህ ሁላችንም ደህና ነን። ሙቀቱ ከብዷል፤ ገበያው እንደወትሮው ነው።

እትዬ፣ ይህችን "ደህና ነን" ያልኳትን መስመር ልሰርዛት ብዬ ወረቀቱ ይበላሻል ብዬ ተውኳት። ደህና አይደለንም። ፌዪንቶላ የለችም። ሕፃኑም አብሯት ሄደ። አሪንፔን አውቶቡስ ላይ ባሳፈርኩ ጊዜ እናቷ ሆስፒታል ነበረች፤ እኔ ግን ልጅቱን ከአልጋዋ አንስቼ "እናትሽ ተኝታለች፣ አትቀስቅሻት" ብዬ በጨለማ ይዣት ወጣሁ። የከፋውን እንዳታይ ብዬ ነው። ራይሚ ድንበር ሳይሻገር ሁሉ ነገር አለቀ።

የፌዪንቶላ ወላጆች እዚሁ አቢጃን ስለሆኑ ወሬውን ወደ ኤጂግቦ የሚያደርስ የለም። ራይሚ ያውቃል፤ አፉን እንዲይዝ አስምዬዋለሁ። እባክዎ፣ እትዬ፣ አይንገሯት። የእናትን ሞት ለልጅ መንገር የአባት ዕዳ ነው። ለፋሲካ መጥቼ በራሴ አፍ እነግራታለሁ።

ወንድምዎ ኦዬኒራን


ኤጂግቦ፣ ፌብሯሪ 21 ቀን 1979

ወንድሜ፣

እግዚአብሔር ያጽናህ ከማለት ሌላ ቃል የለኝም። ደብዳቤህን ያነበብኩት ገበያ ነው፣ ከኮላ ቅርጫቶቼ መሐል ተቀምጬ። እንባዬን መያዝ አቃተኝ። አሪንፔ ከየት መጣች ሳልላት አጠገቤ ቆማ "እማማ፣ ምን ሆንሽ?" አለችኝ። "በርበሬ ነካኝ" አልኳት። ኮላ ነጋዴ ዘንድ ምን በርበሬ አለ? ቅርጫቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

ለባባ ብቻ ነግሬዋለሁ። እሱም "አባቷ ይንገራት፤ ግን ቶሎ ይምጣ" አለ። እኔም ይህንኑ እልሃለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ እኔ ዘንድ ያለው ስንቅ ብዙ ቀን አይበቃም። "እማዬ ወለደች?" ትለኛለች። "ገና ነው" እላለሁ። ይህን እርግዝና እስከ መቼ ልግፋው?

ስለ ትምህርቷ በራይሚ አስጠይቀሃል። በዘንባባ ፍሬ ነው የማስተምራት። እስከ አሥራ አራት ያለምንም ችግር ሄደች። አሥራ አምስት ላይ ተጣላን። "ሃያ አንሺ" አልኳት፤ አነሳች። "አሁን አምስቱን መልሺ፤ እጅሽ ላይ የቀረው አሥራ አምስት ነው፤ እኛ 'አምስት የጎደለው ሃያ' ነው የምንለው" አልኳት። ፍሬውን ወረወረችው።

"የምመልሰውን ለምን አነሳለሁ?" አለች።

"እኔ ነኝ እንዴ የፈጠርኩት? ሂጂ ባባን ጠይቂ።"

ጠየቀችው እኮ! እሱም የዋዛ አይደለም፤ "ሙሉውን ያላየ ሰው የጎደለውን በምን ያውቃል?" ብሎ መለሳት። አኩርፋ ዋለች። በማግስቱ ግን በራሷ ሃያ እያነሳች ስትመልስ አገኘኋት። ወደ እናቷ የሚወስደው መንገድ በዚህ በኩል ነው ብለሃታላ!

አሻኬ


ኤጂግቦ፣ ማርች 17 ቀን 1979

ወንድሜ፣

ጤናዋን በራይሚ አስጠይቀሃል፤ ጤነኛ ናት። አፏም ተፈትቷል። ሰሞኑን ግን ቤቱን ያስጮኸ ነገር ስላደረገች ከሌላ ሰው ከምትሰማ ከኔ ስማው።

ጠዋት ነው፤ ሴቶቹ የቦዬ ሥር ይወቅጣሉ፤ ልጆቹ የባቄላ ጥብስ አካራቸውን ሊበሉ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ያቺ ያንተ ልጅ ብድግ ብላ በየተራ ራሳቸውን በመዳፏ እየነካች "ኤኒ፣ ኤጂ፣ ኤታ…" እያለች መቁጠር ጀመረች። ከዳር እስከ ዳር! ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ እንደ ኮላ! ሙቀጫው ዝም አለ። የአዴጎኬን ሚስት ታውቃታለህ፤ ታናሽ ወንድማችን በስንት መከራ ያገባትን። የወለደቻቸው ሁሉ እየሞቱባት ይሄኛውን "ቆይ፣ ኑሮን ቅመስ" ስትል ዱሮጃዬ ብላ የሰየመችው እሷ ናት። የአሪንፔ እጅ ልጇ ራስ ላይ ሲያርፍ ዘነዘናውን ጥላ በረረች፤ እጇን በጥፊ መታ አወረደችው።

"ልጄን ለማን ነው የምትቆጥሪው? ማን ላከሽ?"

አሪንፔ የተመታ እጇን ደረቷ ላይ ያዘች። "መምህርታችን በየጠዋቱ ትቆጥረን ነበር" አለች፤ "ማንም እንዳይጠፋ ነው።"

ምን ትላታለህ? ልጅ አይቆጠርም። እኔ እዚህ ግቢ ውስጥ ስንት ልጅ እንዳለ አላውቅም፤ እግዚአብሔርም እንዳያሳውቀኝ። የተቆጠረ ላይ ዓይን ያርፋል። ይህን ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቀዋል። ባባ ቀዝቃዛ ውሃ አስመጥቶ በየደጃፉ አስረጨና "ልጅ ናት፤ አላወቀችም፤ በቃ" አለ። የዱሮጃዬ እናት ግን ልጇን አዝላ ቤቷ ገባች፤ እስኪመሽ አልወጣችም።

ኦዬኒራን፣ ቁጥር ትማር ብለህ ስትልካት ምን እንደማይቆጠር አትነግራትም? ለፋሲካ ስትመጣ እንተሳሰባለን።

አሻኬ


አቢጃን፣ ኤፕሪል 9 ቀን 1979

ለተከበሩ እትዬ አሻኬ፣

ለተጀመረው ዝናብ እንኳን አደረሰዎ። ስለ ልጅቱ ድፍረት የአዴጎኬን ባለቤት እግሯ ላይ ወድቀው ይቅርታ ይጠይቁልኝ። የዱሮጃዬን እናት ሰላም ይበሉልኝ። እውነቱን ልንገርዎ፤ ሳነበው ሳቅሁ። ፌዪንቶላ ብትሰማ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ይህን ሳስብ ደግሞ ሳቁ ወዴት እንደሄደ አላውቅም።

ለፋሲካ አልደርስም። እግሬን አሞኛል፤ ሱቁንም የምተውለት ሰው አጣሁ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም ግን ምክንያት አይደለም። መላጫ መስታወቴ ፊት ቆሜ "አሪንፔ፣ ልጄ" እላለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቃል አይወጣልኝም። ራይሚ "ወንበር ልያዝልህ?" ሲለኝ "ለሚቀጥለው" እላለሁ። አሁን መጠየቁንም ትቶታል።

ትንሽ ይታገሱኝ።

ወንድምዎ ኦዬኒራን


ኤጂግቦ፣ ሜይ 2 ቀን 1979

ኦዬኒራን፣

የዱሮጃዬን እናት ሰላም በይልኝ ብለኸኝ ነበር። አላደረስኩም። በምን ስም ልጥራት? ስሟ የልጇ ስም ነበር። አሁን ስናልፍ ስናገድም "አንቺ እኅቴ" እንላታለን፤ እሷም ቀና አትልም።

ኩፍኝ ነው። ከገበያው ማዶ ተነስቶ የጎረቤቱን ግቢ ሁሉ አዳርሶ ነው እኛ ዘንድ የገባው። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። ቢያውቅም ሁሉም የሚያየው አሪንፔን ነው። ልጁን ወጣቶቹ ወስደው ቀበሩት፤ እንደ ደንቡ እናትና አባት የት እንደሆነ አላዩም። ሲመለሱ እናቱ ግቢው መሐል ቆማ "ፈረንሳይቱ ቆጠረችው፤ ቁጥሩን የሰማው ደግሞ መጥቶ ወሰደው!" አለች። ከዚያ ወደኔ ዞራ "ወደ እናቷ ትመለስልኝ! እናቷ ትቁጠራት!" ብላ ጮኸች። ሴቶቹም "እውነቷን ነው፤ እናቷ ትውሰዳት" አሉ። እኔና ባባ ተያየን። ምን እንበል? እናት የላትም እንዳንል ልጅቱ በሩ ሥር ቆማለች።

አሪንፔ መቁጠር አቁማለች። ምግብ ስትበላ ግራ እጇን ከጀርባዋ ትደብቀዋለች፤ ማንንም ላለመንካት ነው። ልጆቹ ሲጫወቱ ግድግዳ ተደግፋ ታያለች። ትናንት ወጥ ሳማስል መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

"እማማ፣ በፈረንሳይኛ የተቆጠረም ይሞታል?"

"ማንን ቆጠርሽ?"

"የቤታችንን ሰዎች። ልመጣ ስል፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ። አባባን፣ እማዬን፣ እማዬ ሆድ ውስጥ ያለውን። ከዚያ ራሴን።"

ወጡ አረረ። ማማሰያውን ይዤ ቆሜ ነው ያረረው። ምን ልመልስላት? አንተ አባቷ ነህ፤ ጻፍልኝ። ከመጻፍም ይልቅ ና።

አሻኬ


አቢጃን፣ ሜይ 20 ቀን 1979

ለተከበሩ እትዬ፣

አዴጎኬን እና ባለቤቱን እግዚአብሔር ያጽናልኝ። ሐዘን ላይ የተቀመጠ ሰው ሌላውን ምን ብሎ ያጽናናል?

አሪንፔን በፈረንሳይኛ የተቆጠረ ምንም አይሆንም ይበሏት። የፈረንሳይ ቁጥር የኛን ሰው አያውቀውም፣ አባትሽ ነው ያለው ይበሏት። ሌላ መልስ አጣሁ፤ ጎረቤት አማክሬ እንዳልጽፍ ነገሩ የሚነገር አይደለም። መምጣቱን ግን አልተውኩትም። ጊዜ አላጣሁም፤ ወኔ ነው ያጣሁት፤ ለርስዎ ካልተናገርኩት ለማን እናገራለሁ።

በራይሚ አንድ ሳጥን ልኬያለሁ። የፌዪንቶላ ልብሶች ናቸው። ወላጆቿ ሲከፋፈሉ ይሄ የልጇ ድርሻ ነው ብለው ለዩላት። እናትሽ ላከችልሽ ብለው ይስጧት። ደስ ይላታል።

ወንድምዎ ኦዬኒራን


ኤጂግቦ፣ ጁን 16 ቀን 1979

ኦዬኒራን፣

የፈረንሳይኛውን መልስ ነግሬያታለሁ። "እርግጠኛ ነዎት?" አለችኝ። አሁን እርስዎ ነው የምትለኝ፤ ማንም አላዘዛትም። "አባትሽ ነው ያለው" ስላት ትከሻዋ ወረደ፤ እህል ቀመሰች። በማግስቱ የዘንባባ ፍሬዋን ከጓዳ አውጥታ እንደገና ጀመረች። ያን ቀን ዋሽተህም ቢሆን ልጅ አተረፍክ ብዬ መርቄህ ነበር።

ከዚያ ሳጥንህን ሰጠኋት። ደስ ይላታል ብለህ ነበር። ከፈተችው፤ አንድ በአንድ እያወጣች ጭኗ ላይ ዘረጋችው።

"ይሄ የክት ነው" አለች።

"አዎ ልጄ።"

"ይሄም የሠርግ ነው። ለማንም አታውሰውም ነበር።"

"አንቺ ማንም ነሽ እንዴ?" ብዬ ላስቃት ሞከርኩ። አልሳቀችም። የቤት ልብሷን፣ ወጥ የነካውን ሁሉ አወጣችው። ሳጥኑ ባዶ ሆነ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

"ታዲያ እማዬ ምን ትለብሳለች?"

"ሌላ… ሌላ ትገዛለች" አልኩ። እሷ ልብሶቹን እንደነበሩ አጣጥፋ መለሰቻቸው፣ ክዳኑን ዘጋች፣ ሁለት ጉልበቷን መሬት ላይ አድርጋ "እሺ እማማ፤ አመሰግናለሁ" አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ እናቷ አንድ ቃል ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም እፎይ ብያለሁ። እፎይ ማለቴ ያሳፍረኛል።

የአዴጎኬ ሚስት አሪንፔ ባለችበት ውሃ አትጠጣም። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ባባ ፈረደ፤ "አባቷ ቃል ገብቶላታል። በመኸሩ በዓል አዲሱ ቦዬ ሲበላ ፊቴ ትቁጠር፤ ከጨረሰች መጥቶ ይውሰዳት" አለ። ሁሉም ተስማማ። አሁን ምክንያት አልቆብሃል።

አሻኬ


አቢጃን፣ ጁላይ 30 ቀን 1979

ለተከበሩ እትዬ፣

ለባባ ፍርድ መሬት ላይ በደረቴ ተዘርግቼ እጅ እነሳለሁ። ቃሌ ቃል ነው። ሁለት መቶ ያለች ዕለት በራይሚ ይላኩብኝ፤ እሱ በሚመለስበት አውቶቡስ እሳፈራለሁ። እስከዚያ በርትታ ታጥና።

ደስ ብሏታል ወይ? አባባ ይመጣል ሲሏት ምን አለች? ይህን አልጻፉልኝም።

ወንድምዎ ኦዬኒራን


ኤጂግቦ፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1979

ወንድሜ ኦዬኒራን፣

ደስ ብሏታል ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አንብበውና ራስህ ፍረድ።

አዲሱ ቦዬ ተበልቶ ባባ ዛፉ ሥር ተቀመጠ። ግቢው ሁሉ ወጣ። የአዴጎኬ ሚስት እንኳ ከደጃፏ ሳትወርድ ቆማ ታይ ነበር። አሪንፔ የዘንባባ ፍሬዋን በቅርጫት ይዛ መጣች፤ ተንበረከከች፤ የዓመቱን አዲስ ቦዬ ላበላ አያት የሚገባውን ሰላምታ አንድ ቃል ሳታጓድል አደረሰች። ባባ "ይህቺ ደግሞ የማን ቤት ልጅ ናት?" ብሎ ሲቀልድ ሰው ሳቀ። እሷም ፈገግ አለች። ኮራሁባት።

ከዚያ መቁጠር ጀመረች። እዚሁ ተወልደው ያደጉት የሚደናቀፉበትን ሁሉ እየዘለለች አለፈችው። ሙሉውን ትጠራለች፣ የጎደለውን ትቀንሳለች፣ አንዲት ፍሬ ወደ ፊት ትገፋለች። ልጆቹ ማፌዛቸውን ትተው አብረዋት ያንሾካሹኩ ጀመር። "አሥር የጎደለው ሁለት መቶ" አለች። "አምስት የጎደለው ሁለት መቶ" አለች። "አንድ የጎደለው ሁለት መቶ" አለችና የመጨረሻዋን ፍሬ እጇ ውስጥ ይዛ ቆመች።

"ጨርሺ እንጂ ልጄ" አለ ባባ።

"አልጨርስም፣ ባባ።"

"ጠፋብሽ?"

"አልጠፋብኝም። አውቀዋለሁ።"

"ታዲያ?"

"ሁለት መቶ ካልኩ አባባ ይመጣል።"

"መምጣቱ ጥሩ አይደለም?"

አጎነበሰች።

"ብቻውን ነው የሚመጣው" አለች።

ከማንም በፊት የገባት የአዴጎኬ ሚስት ናት። ከደጃፏ ወርዳ መጣች፤ ወራት ሙሉ ካልቀረበቻት ልጅ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። አልነካቻትም፤ ተቀመጠች ብቻ። ሌሎቹ እኔን ያዩኛል፣ ባባን ያያሉ። ባባ ዱላውን ተመርኩዞ ተነስቶ ገባ።

ታውቃለች፣ ኦዬኒራን። ሳጥኑን ከከፈተችበት ቀን ጀምሮ ታውቃለች። እኔ ከእሷ እየደበቅኩ መስሎኝ ስዞር፣ እሷ እኛን ላለማሳፈር ዝም ብላ ኖራለች። ይህ ብቻ ቢሆን አብረን አልቅሰን በወጣልን ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ፀጉሯን ስሠራት፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ እንደተቀመጠች ጠየቀችኝ።

"እማማ፣ በፈረንሳይኛ የተቆጠረም ይሞታል ማለት ነዋ?"

አይደለም አልኳት። ማልኩላት። ኩፍኝ ነው፣ ምጥ ነው፣ ቁጥር ሰው አይገድልም አልኳት። "ያን ጊዜም አይሞትም ብለውኝ ነበር" አለችኝ። እናቷ ሞታ ሳለ ነው ያን መልስ የሰጠኋት፤ አንተ ሰጠኸኝ፣ እኔ ሰጠኋት። አሁን እውነቱን ብነግራት በምን ታምነኛለች?

የቆጠረቻቸው አራት ሰዎች ናቸው። ሁለቱ ሄዱ። የቀራችሁት አንተና እሷ ናችሁ፤ ተራውን እየጠበቀች ነው። ራይሚ ይህን ወረቀት ሲሰጥህ ሱቁን አትዝጋ፣ ሻንጣ አትፈልግ፣ ምን እላለሁ ብለህም አታጥና። በሕይወት መኖርህን በዓይኗ ትይ።

አሻኬ